የቮልስዋገን ሞተር ሲንተፋተፍ ከየት ይጀመራል?

አዲስ አበባ ውስጥ ዛሬም የሚሽከረከሩት አሮጌ ቮልስዋገኖች ሞተራቸው መንተፋተፍ ሲጀምር ብዙ ሰው ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡራቶር ይወነጅላል፤ እኔ ግን ካርቡራቶሩ በመጨረሻ መነካት አለበት ባይ ነኝ።

መጀመሪያ የሚስተካከለው የቫልቭ ክፍተት፣ ማለትም በቫልቩ ጫፍና እሱን በሚገፋው ክንድ መካከል ያለው ርቀት ነው። ሥራው ሞተሩ አድሮ ፈጽሞ ከቀዘቀዘ በኋላ የሚከናወን ሲሆን፣ በኋለኞቹ የ1300፣ የ1500 እና የ1600 ሲሲ ሞተሮች ላይ የተለመደው ልክ 0.15 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስስ የብረት መለኪያው በክፍተቱ ሲያልፍ በጣት የሚታወቅ ቀላል መያዝ ሊኖረው ይገባል። ክፍተቱ የጠበበ ቫልቭ ስለማይንኳኳ ጤነኛ ይመስላል፤ ነገር ግን በደንብ ስለማይዘጋ ሙቀቱን ለመቀመጫው ማስተላለፍ ያቅተውና ይቃጠላል። ስለዚህ ጥቂት ከሚንኳኳው ይልቅ ዝም ያለው ያሳስበኛል።

ቀጥሎ እየተከፈተና እየተዘጋ የካንዴላውን እሳት የሚያስነሳው ኮንታክት ፖይንት ክፍተቱ ወደ 0.4 ሚሊ ሜትር ይስተካከላል። የእሱ ክፍተት ሲለወጥ የእሳቱ ጊዜም አብሮ ስለሚዛባ፣ ታይሚንጉ መታየት ያለበት ከዚያ በኋላ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ በሲሊንደሩ ውስጥ እሳት የሚፈጥረው ካንዴላ ይፈታና ይታያል። ጫፉ ቡናማ ከሆነ ደግ ነው፤ ደረቅ ጥቀርሻ ከለበሰ ግን ቤንዚኑ ለአየሩ በዝቷል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች በመሆኗ አየሩ ስስ ነው፤ ለቆላ የተመጠነ ዋና ጂግለርም (ቤንዚኑን የሚመጥነው የካርቡራቶሩ ቀዳዳ) እዚህ ቤንዚን ያበዛል። ጂግለሩን በአነስተኛው ከመቀየር በፊት ግን ሞተሩ ሲሞቅ ቾኩ (ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ አየሩን የሚቀንሰው ክዳን) ሙሉ በሙሉ መከፈቱንና የአየር ማጣሪያው አለመዘጋቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።