ወፍ የለም

እናቴ ብቅል የምታሰጣበትን ቦታ ስትመርጥ የጦር አዛዥ ትመስላለች። ፀሐይዋ ከየት ተነስታ የት እንደምትደርስ፣ የጽዱ ጥላ በስንት ሰዓት ኬሻውን እንደሚነካ፣ የጎረቤት ዶሮ በየትኛው የአጥር ቀዳዳ እንደምትሾልክ ጠንቅቃ ታውቃለች። ያላወቀችው ነገር ቢኖር ጠላት ከቤት ውስጥ መሆኑን ነው።

ጠላቱ እኔ ነኝ።

ከጥቅምት ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ለወፎች ገብስ ስበትን ነበር። ቤታችን ጉለሌ፣ ወደ እንጦጦ ሽቅብ ስለሆነ ባሕር ዛፉም ጽዱም አለ፤ ወፍ አይጠፋም። መጀመሪያ ሁለት ድንቢጦች ብቻ ነበሩ። በሳምንቱ 15 ሆኑ። ከዚያ ዋኖሶቹ ወሬውን ሰሙ። ቀጥሎ ደግሞ አንገታቸው ላይ ነጭ ሻሽ የጠመጠሙ የሚመስሉት ርግቦች (ከእኛና ከኤርትራ ደጋ ሌላ የትም የማይገኙት፣ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ የምታዩዋቸው) ሁለት ቀን ተግደርድረው ሲያበቁ በሦስተኛው ወረዱ። ገብሱ ከየት መጣ እንዳትሉኝ። ከእማዬ ጆንያ ነው። በቀን አንድ ኩባያ፤ እሁድ ሁለት።

ጥፋቴ ስርቆቱ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ከመበተኔ በፊት አፏጫለሁ። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። ወር ሳይሞላ ፉጨቱን ሲሰሙ ገና ገብስ ሳያዩ ከኤሌክትሪክ ሽቦው ላይ ግር ብለው ይወርዱ ጀመር። ያን ቀን የተሰማኝ ኩራት ዲግሪ ስቀበልም አልተሰማኝም።

እማዬ ግራ ተጋባች። «ዘንድሮ ይሄ ወፍ ምን ነክቶታል?» ትላለች ቡና ላይ። አንዷ ጎረቤት መንገድ ሲሰፋ ዛፉ ተቆርጦባቸው ተሰደው ነው አለች። ሌላዋ የጥጋብ ዘመን ምልክት ነው አለች። እኔ ፈንዲሻዬን እየቆረጠምኩ ከሁለቱም ጋር ተስማማሁ።

ከሁሉም የምወደው ግን ገብስ የማይነካውን ነው። ከሽንት ቤቱ ጀርባ ራስ ክምር በራሱ በቅሎ ብርቱካንማ አበባው እየተደራረበ ወጥቷል። እዚያ ላይ የሚመጣ አንድ ወፍ አለ፤ ጌታው እለዋለሁ። ጥላ ውስጥ ሲቀመጥ ከሰል ነው። ፀሐይ ያገኘችው ጊዜ ግን ደረቱ ሐምራዊ፣ አንገቱ አረንጓዴ፣ እንደገና ዞር ሲል የነሐስ ቀለም ይሆናል። ምንቃሩ እንደ ጎበጠ መርፌ ነው፤ አበባው ውስጥ ሰክቶ ማሩን ይመጥጣል። ሚስቱ ምስኪን፣ ተራ ግራጫ ነገር ናት፤ ባዛር የሚወጣው እሱ ብቻ ነው። ሳይንቲስቶች የሰየሙት በተከዜ ወንዝ ስም ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ800 በላይ የወፍ ዓይነት አለ ይባላል፤ እኔ እሱን ይዤ ሌላውን ለቱሪስት እተዋለሁ።

እንግዲህ የገና ጠላ ሊጠነሰስ ሲል እማዬ ብቅሏን በኮባ ቅጠል ጠቅልላ አብቅላ፣ ግቢ መሃል ኬሻ ላይ አሰጣችው። ወዲያው ለቅሶ ልትደርስ ነጠላዋን አጣፋችና ዱላ ሰጠችኝ።

«ስጡን ጠብቅ። ዶሮዋ ከመጣች በዚህ ነው።»

«ወፍስ?» አልኩኝ፣ አፌን ቢቆርጠው።

«ወፍማ እሽ ካልከው ይሄዳል።»

31 ዓመቴ ነው። ስጥ መጠበቅ በልጅነቴ የተካንኩበት ሙያ ስለሆነ አልናቅሁትም። እሽ አልኩ። ድንቢጦቹ ከሽቦው ላይ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዩኝ፤ የሚቀልባቸው ሰው ስለሚቆጣ የተገረሙ ይመስላሉ። ሁለተኛ እሽ ስል ጭራሽ ቀረብ አሉ። ያኔ ሲዲ ማንጠልጠል የሚባለው ዘዴ ትዝ አለኝ። የእህቴ የሠርግ ሲዲ መሳቢያ ውስጥ ነበር፤ ማጫወቻው ከተበላሸ ስድስት ዓመት አልፎታል። በሲባጎ አስሬ ኮክ ዛፉ ላይ ሰቀልኩት። ሲብለጨለጭ ወፉ ሁሉ ክው ብሎ ሽቦው ላይ ቀረ።

እማዬ ከለቅሶው ድንኳን በሹክሹክታ ደወለች። «ስጡ እንዴት ነው?»

«ወፍ የለም!» አልኳት። ለመጀመሪያ ጊዜ ይህን ቃል በእውነተኛ ትርጉሙ ተጠቀምኩበት።

ስልኩን ሳልዘጋው ነው መሰለኝ ጌታው የመጣው። ራስ ክምሩን ትቶ በቀጥታ ሲዲው ፊት ተንጠለጠለ። እዚያ ውስጥ ያየው ምንድን ነው? ሌላ ጌታ። በእሱ ግቢ። በእሱ ደረት ልክ የሚያብረቀርቅ። ነደደው። በምንቃሩ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፤ ሲዲው ይዞራል፣ ባላንጣው ይጠፋል፣ ተመልሶ ይመጣል፤ ጌታው ዞሮ ከኋላ ሊይዘው ይሞክራል። በእህቴ ሠርግ ላይ ከራሱ ጋር ቡጢ ገጠመ። በአንድ ክንድ ርቀት ቆሜ እቀርጻለሁ፤ የላባው ጫፍ ሲንቀጠቀጥ እንኳ ይታያል። ከአድናቆት ብዛት ፉጨት አመለጠኝ።

ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። ከጥቅምት ወዲህ አፌ ሌላ ፉጨት አያውቅም።

ያኔ ግን አላስተዋልኩም። 4 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ቀረጽኩ፣ «የግቢያችን ንጉሥ» ብዬ የቤተሰባችን ቴሌግራም ላይ ለጠፍኩ፣ ዞር አልኩ። ኬሻው ይንቀሳቀሳል። ብቅሉ አይታይም፤ ጀርባ ብቻ ነው የሚታየው። ድንቢጡ፣ ዋኖሱ፣ ባለሻሹ ርግብ፤ መሃላቸው ደግሞ ያ ማጅራቱ ነጭ፣ ምንቃሩ ጉማጅ የሚያክል ቁራ እንደ ቀበሌ ተቆጣጣሪ እጁን ወደኋላ አጣምሮ ይንጎራደዳል። ዱላውን ይዤ ስሮጥ ከበላይ የጋጋኖ መንጋ አለፈ። የጋጋኖን ጩኸት የሰማ ሰው ያውቀዋል፤ ሃ ሃ ሃ ሃ ነው። እኔን ነው ብዬ ወሰድኩት።

የተረፈውን በእጄ ሳስቼ በተንኩት። ከሩቅ ሲታይ ሙሉ ይመስላል፤ ከቅርብ ኬሻው ላይ የተጻፈው «ስኳር» ይነበባል።

እማዬ መጣች። ቆመች። «አነሰ።»

«ደርቆ ሟሾ ነው።»

ጎንበስ ብላ አንድ ፍሬ አንስታ በጥርሷ ቀጭ አደረገች። ልታምነኝ ነበር፤ በማርያም ይዣችኋለሁ፣ ልታምነኝ ነበር። ልክ ያኔ ስልኳ ጮኸ። እህቴ ናት፣ ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ። የሌሊት ፈረቃ ላይ ሆና ቪዲዮውን አይታ በድምፅ መልስ ልካለች። እማዬ ደግሞ የድምፅ መልእክት የምትከፍተው መንደሩ በሙሉ እንዲሰማ አድርጋ ነው።

«ወፉስ ያምራል፤ ግን ከኋላ ያለው የእማዬ ብቅል አይደለም እንዴ? 1 ደቂቃ ከ40 ላይ እዩት። ደግሞ የኔ ሠርግ ለምንድን ነው ዛፍ ላይ የተሰቀለው?»

አብረን ተቀምጠን አየነው። እማዬ ቪዲዮ ማቆምና መመለስ አትችልም ነበር፤ ያን ቀን ቻለች። ከፊት ጌታው ይፋለማል፤ ከኋላ ኬሻው መጀመሪያ ቢጫ ነው፣ ከዚያ ፉጨት ይሰማል፣ ከዚያ ሰማይ የተቀደደ ይመስል ወፍ ይዘንባል።

«መልሰው» አለች። መለስኩት። ፉጨቱ ላይ ዐይኗን ጨፍና አዳመጠች።

«ይሄን ፉጨት ጠዋት ጠዋት እሰማዋለሁ።»

ዝም አልኩ።

«እኔ እኮ ሴት ይዞ ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።»

ጆንያውን ሄዳ አየችው። ስለዚያ ክፍል አልጽፍም።

አዲሱን ገብስ በራሴ ገንዘብ ገዛሁ፣ በራሴ ትከሻ ተሸከምኩ፣ ነከርኩ፣ ኮባውን ከጎረቤት ለመንኩ። ሲሰጣ እማዬ ዱላውን ለእኔ አልሰጠችም፤ በርጩማ አውጥታ እሷው ራሷ ተቀመጠች፣ እኔን አጠገቧ አስቀመጠች፣ ማፏጨት ተከለከለ። የእህቴን ሠርግ አውርዳ ጠርጋ ሳጥኗ ውስጥ ከተተችው፤ በምትኩ የእኔን የምረቃ ሲዲ ሰቀለች።

አምስት ሰዓት ገደማ ጌታው መጣ። ከስልክ ውጭ በዐይኗ ስታየው የመጀመሪያዋ ነበር። ፀሐይዋ ደረቱ ላይ አረፈች፣ ጥቁሩ ሐምራዊ ሆነ፣ ወደ ምረቃዬ ተወርውሮ ጠቅ ጠቅ ሲያደርግ እማዬ ዱላውን ቀስ ብላ ጉልበቷ ላይ አጋደመችው።

«ውይ ያንቺ ያለህ!» አለች በሹክሹክታ። ቀጥላም በክርኗ ጎሸመችኝ። «ቅረጸው እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ?»

«ስጡን» አልኳት።