ቸርኬ ከመቀየራችሁ በፊት ጎማውን አስቡበት

ለስፖርት መኪናዬ ባለ 18 ኢንች ቸርኬ ስገዛ ዓይኔ ያረፈው መልኩ ላይ ብቻ ነበር። ጎማውን በኋላ እደርስበታለሁ አልኩ። ተሳሳትኩ። መጀመሪያ ያስገጠምኩት ጎማ ስፋቱ ስለበዛ መሪውን እስከ መጨረሻ ሳዞር የፓራፋንጎውን ውስጥ ይነካ ነበር፤ ወርጄ በእጄ ስዳስሰው የጎማው ትከሻ ተፍቆ መስመር ሠርቷል።

ዋናው ነገር የጎማው ጠቅላላ ቁመት ነው። መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ 225/45 ባለ 17 ከነበረ (225 የጎማው ስፋት በሚሊሜትር፣ 45 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶኛ፣ 17 የቸርኬው ኢንች ነው)፣ ወደ 18 ስትሄዱ 225/40 ውሰዱ። የቁመት ልዩነቱ 3 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ የፍጥነት መቁጠሪያው ብዙም አይዛባም። ጎኑ ግን ያጥራል። መሪው ቶሎ ይታዘዛል፣ ጉድጓድ ላይ ደግሞ ምቱ ቸርኬው ጋ ይደርሳል። ለዚህ ነው እኔ ከ18 በላይ የማልወጣው።

አንድ ጎማ የሚሸከመውን ክብደት የሚያሳየውን የጭነት ቁጥርም አትናቁ። 91 ማለት በአንድ ጎማ 615 ኪሎ፣ 94 ደግሞ 670 ኪሎ ነው፤ ፋብሪካው ካዘዘው በታች በፍጹም አትውረዱ። ገንዘብ ካጠረ ቸርኬው ይቆይ፣ ጥሩ ጎማ ይቅደም።

ጎኑ ላይ ያሉትን 4 የምርት አሃዞችም እዩ። 1224 ካለ እ.ኤ.አ. በ2024 በ12ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ብዙ ዓመት ተቀምጦ የደረቀ ጎማ፣ ጥርሱ ሙሉ ቢሆን እንኳ እርጥብ አስፋልት ላይ አይዝም።