የክበባችሁን ንብረት ለወረዳ አታስረክቡ

በሰፈራችሁ የወጣቶች ክበብ ልታቋቁሙ ያሰባችሁ ካላችሁ ይህችን አንብቡልኝ። እኛ ስንጀምር የሚነግረን ሰው አጥተን ነው የተቃጠልነው።

አባል ማሰባሰብ አይከብድም። መተዳደሪያ ደንብም ከሌላ ክበብ ተውሳችሁ ታስተካክላላችሁ። አዋጅ 1113/2011 ማህበር ለማቋቋም አምስት መስራች ይበቃል ይላል። ጣጣው የሚመጣው ንብረት ስታፈሩ ነው።

እኛ ድራማ እንሰራለን፣ ሚኒ ሚዲያ አለን፣ ለተማሪዎች የምትሆን ትንሽ ቤተ መጻሕፍትም አደራጅተን ነበር። ከኪሳችን አዋጥተን ሁለት ስፒከር፣ ሚክሰርና ማይክ ገዛን። መጽሐፍ የሰፈሩ ሰው ሰጠን። የቀረን ክፍል ነበር። የድሮው የቀበሌ አዳራሽ ደግሞ ተቆልፎ አቧራ ይጠጣል።

ወረዳ ሄድን። የወጣቶች ጉዳይ ባለሙያው ክፍሉን እንደሚሰጠን ነገረንና ቅድመ ሁኔታ አመጣ፦ «ንብረቱ በሞዴል 19 ገቢ ይሁን። ለጥንቃቄ ነው እንጂ የእናንተው ነው።» ተከራከርን። ያለዚያ ቁልፍ የለም አለ። ሞዴል 19 ማለት የመንግሥት ንብረት ክፍል ዕቃ የሚረከብበት ሰነድ ነው። አንዴ ከተቆረጠ፣ ዕቃው የሚወጣው በሞዴል 22 ነው፤ እሱን የሚፈርመው ደግሞ እናንተ አይደላችሁም።

ከዚያ በኋላ ለልምምድ ስንመጣ ስፒከሩ የለም። «ለስብሰባ ወጥቷል» ይሉናል። አንደኛው ሲመለስ የድምፅ ወረቀቱ ተቀድዶ፣ በፕላስተር ተለጥፎ ነበር፤ ባስ ሲመጣ ይንጣጣል። ማን እንደቀደደው የሚናገር ጠፋ። ቀጥሎ አዳራሹ ለቢሮ ተፈለገና ውጡ ተባልን። እሺ፣ ዕቃችንን ስጡን አልን። የንብረት ክፍሏ ሴትዮ መዝገቡን ገልጣ በጣቷ አሳየችን፤ ስፒከር፣ ብዛት ሁለት፣ የወረዳው ንብረት። ቃል የገባልን ባለሙያ ተዛውሯል። አዲሱ ደግሞ «እኔ የማውቀው ሰነዱን ነው» አለ። ይህችን አረፍተ ነገር ዛሬም ሳስባት ደሜ ይፈላል። የሕፃናቱ መጽሐፍ እንኳ እዚያው ቀረ!

በኋላ ለሰፈሩ ትልልቅ ሰዎች ሳወራ ማንም አልተገረመም። በደርግ ጊዜ እዚያው አዳራሽ የቀበሌው ኪነት ይለማመድ ነበር፤ አኮርዲዮንና ከበሮ ነበራቸው። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ መሣሪያው የቀበሌ ነውና የት እንደገባ አልታወቀም። በ1990ዎቹ ደግሞ የፀረ ኤድስ ክበባት ጊዜ መጣ። ቡና እያፈሉ ያስተምሩ ነበር፣ ድራማ ይሰሩ ነበር፣ በብዙ ሰፈር ክበብ ነበር። የእርዳታው ገንዘብ ሲቀንስ ብዙዎቹ ተዘጉ። የእኛ ሰፈር ክበብ ወንበርና ቴሌቪዥን ቀበሌ ተመዝግቦ ስለነበር፣ ልጆቹ ሲበተኑ አብሮ ቀረ። በየዘመኑ የሚመጣው ወጣት ከዜሮ የሚጀምረው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ ያለፈው ያፈራው ስለማይደርሰው ነው።

ስለዚህ ባለሙያዎቹ «መጀመሪያ በአደረጃጀት ታቀፉ፣ ሌላው ይደርሳል» ሲሏችሁ አትቸኩሉ። መጀመሪያ ስሩ። ከመጀመሪያው ስብሰባ ጀምሮ ቃለ ጉባኤ ያዙ። ከዚያ ሕጋዊ ሰውነት በራሳችሁ ስም አውጡ። ዕቃ ስትገዙ ደረሰኙ በክበቡ ስም ይቆረጥ፣ የሚለግሳችሁ ሰውም ደብዳቤውን ለክበቡ ይጻፍ። ወረዳ ክፍል ከሰጣችሁ የክፍሉን ብቻ ውል ተዋዋሉ። ንብረት ገቢ አድርጉ ካሏችሁ ቁልፉ ይቅርባችሁ። ግቢ ውስጥ ሸራ ወጥሮ መለማመድ ይሻላል። እኛ አሁን በአንድ አባላችን ቤተሰብ ግቢ ነው የምንለማመደው። ከበፊቱ የበለጠ ልጅ ይመጣል፤ ከእኛ መድረክ ተነስተው ቲያትር የሚማሩም አሉ፣ በእነሱ እኮራለሁ።

የድሮውን ዕቃ መጠየቃችንን አላቆምንም። እናንተም ደብዳቤ ስታስገቡ በቃል «ደርሶናል» ቢሏችሁ እሺ ብላችሁ አትውጡ፤ የእናንተ ቅጂ ላይ ማህተምና የገቢ ቁጥር አስደርጉ።