ራንድ ይዞ ዊንድሆክ
ዛሬ በናሚቢያ ዋና ከተማ በዊንድሆክ ውስጥ ከደቡብ አፍሪካ ይዤው በመጣሁት ራንድ ስከፍል ዋልኩ። ማንም ቅር አላለውም። ሂሳብ ማስላትም የለም፤ ናሚቢያ በ1993 እ.ኤ.አ. የራሷን ዶላር ስታወጣ ከራንድ ጋር አንድ ለአንድ አሰረችው፣ ራንዱም ህጋዊ መገበያያ ሆኖ ቀጠለ። ሌሶቶና ኤስዋቲኒም ገንዘባቸው ከራንድ እኩል ነው። የምንዛሬ ሰልፍ የለ፣ ኮሚሽን የለ፣ እንዴት ደስ ይላል!

ጣጣው መልሱ ላይ ነው። ራንድ ትሰጣለህ፣ የናሚቢያ ዶላር ይመልሱልሃል፣ እሱ ደግሞ ድንበር ተሻግሮ ደቡብ አፍሪካ ሲገባ ህጋዊ መገበያያ አይደለም (እኩል ናቸው የተባለው በአንድ በኩል ብቻ ነው መሰለኝ)። ከሰዓት በኋላ መልሴን በራንድ ስጡኝ ማለት ጀመርኩ። አንዳንዱ ሳቅ ብሎ ይፈልግልኛል፣ አንዳንዱ የለኝም ይላል። የተረፈኝን ነገ ነዳጅ ላይ እጨርሰዋለሁ።