ሽጉጡን ትቼ የሽማግሌውን ዓይን ጠረጠርኩ

ባለፈው እሁድ የሰፈሬ ልጅ ከአዲስ አበባ ደወለ። ሰላምታው ሳያልቅ፣ «ስማ፣ ቴክሳስ ሽጉጥ እንደ ዳቦ ነው የሚሸጠው አሉ። አንተ ስንት አለህ?» አለኝ። አንድም የለኝም ስለው ዝም አለ። ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። ለካ እያዘነልኝ ነው። «እና ሰባት ዓመት ሙሉ ምን ስትሠራ ከረምክ?»

ብረት ስላጭ ከረምኩ። ዳላስ አጠገብ ጋርላንድ የምትባል ከተማ፣ አንዲት ትንሽ ማሽን ሾፕ ውስጥ ነው የምሠራው። አገር ቤትም ቶርኖ ላይ ነበርኩ። የኛ ሰው ሙያዬን እንዴት እንደሚያየው ታውቁታላችሁ። ሽማግሌ የላክኩ ጊዜ የሚስቴ አጎት፣ «ልጁስ ጨዋ ነው፤ ግን ያው... ቀጥቃጭ ነው እንዴ?» ብለው በሹክሹክታ ጠይቀዋል። ማረሻውንም ጦሩንም ከቀጥቃጭ እጅ ተቀብለን፣ ሰውዬውን ቡዳ ነው ብለን የምንሸሽ ጉዶች ነን።

እዚህ ደግሞ ተቃራኒው ነው። አንድ ቀን የ74 ዓመት ጡረተኛ የጥርስ ሐኪም የእንጨት ሣጥን በብብታቸው ይዘው መጡ። በስሜ ጥራኝ አሉኝ። ሽበታቸውን እያየሁ እንዴት ብዬ? በልቤ ጋሼ፣ በአፌ «ሰር» እያልኩ ተገላገልኩ። ሣጥኑ ውስጥ ያለው ረሚንግተን የሚባለው የድሮ የአሜሪካ ሽጉጥ፣ በፈረንጆቹ የ1858ቱ፣ ቅጂ ነበር፤ ባሩዱም የእርሳስ ጥይቱም ከፊት የሚጎርስ፣ ባለ ስድስት ቀዳዳ ሲሊንደር ያለው ሽጉጥ። «የቅድመ አያቴ ዘመን» እያሉ ዳበሱት። በርሜሉን ገልበጥ ሳደርገው የጣሊያን ማኅተም አለበት። ለካ የዚህ ዓይነት ቅጂ አብዛኛው የሚሠራው ብሬሻ አጠገብ፣ ጋርዶኔ ቫል ትሮምፒያ በሚባል ቦታ ነው። አሜሪካዊ የቅድመ አያቱን ሽጉጥ ከጣሊያን ይገዛል! ሳቄ መጣ። ከዚያ እጄ ላይ ያለውን ካቻቢቴ አየሁና ተውኩት። ሞርሳ፣ ትራፓኖ፣ ሊማ የምንል እኛም ብንሆን ሰዎቹን አባረን ዕቃቸውን ከነስሙ ነው ያስቀረነው።

«እናንተ አገር መሣሪያ ይታወቃል?» ብለው ጠየቁኝ። ደሜ ፈላ። ስናድርና ውጅግራ እያልኩ ዘረዘርኩላቸው። ረሚንግተን ጠመንጃውንም በ1868 ጉንደትና ጉራዕ ላይ ከግብፅ ጦር እንደማረክን ነገርኳቸው። ግራ ሲገባቸው፣ «በናንተ 1875 እና 76» አልኩ። በዚያው አላበቃሁም። ንግሥት ቪክቶሪያ ለአፄ ቴዎድሮስ ሽጉጥ እንደላከች፣ ንጉሡም ሚያዝያ 6 ቀን 1860 መቅደላ ላይ፣ የእንግሊዝ ጦር በሩን ሰብሮ ሲገባ፣ ያንኑ ሽጉጥ እንደጠጡት ተረኩላቸው። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ። እኔም ያኔ ነው ልቤ ያበጠው። «ለኔ ይተዉት፤ አውቃለሁ» አልኳቸው።

ችግሩ ሽጉጡ ኢላማ አለመምታቱ ነው። እሳቸው ሲሊንደሩን ነው የጠረጠሩት። መለኪያዬን፣ ካሊብሮዬን አወጣሁ። የሲሊንደሩ ቀዳዳ 0.446 ኢንች። የበርሜሉ አፍ 0.440 ገደማ። ቀዳዳው ከበርሜሉ ይሰፋል፤ እርሳሱ በርሜሉን ጥብቅ አድርጎ ነው የሚያልፈው፤ እና ምን ጎደለ? አለቃዬ ባለበት፣ ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ፣ «ሽጉጡ ደህና ነው። ዓይንዎን ቢታዩ ይሻላል» አልኳቸው። ይኸው እስከ ዛሬ ትዝ ሲለኝ ጆሮዬ ይግላል።

ምንም አልመለሱልኝም። ከኪሳቸው አንዲት ድብልብል ለስላሳ እርሳስ አወጡ። ሲሊንደሩን አውጥተው፣ ባዶው በርሜል ውስጥ በእንጨት ዘንግ ቀስ እያሉ ከአፍ እስከ መጨረሻ ገፏት። ስትወጣ በርሜሉ ውስጥ ያለው ጠመዝማዛ ቦይ ታትሞባት ነበር። «አሁን ለካ» አሉኝ። እብጠቱ ላይ ለካሁ። 0.452። እኔ የለካሁት ቦዩን ሳይሆን በቦዮቹ መካከል ያለውን ጉብታ ነው! ዕድሜ ልካቸውን ጥርስ ሲነቅሉ የኖሩ ሰው እኔንም ሳያሳምሙ ነቀሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እርሳሱ ሲጎርስ የቀዳዳው ከንፈር ዙሪያውን ይልጠውና ቀጭን ቀለበት ይወድቃል። ከዚያ በኋላ የእርሳሱ ልክ የቀዳዳው ልክ ነው። ቀዳዳው ከቦዩ በ0.006 ኢንች ከጠበበ፣ ማለትም 0.15 ሚሊሜትር፣ ጉርሻው አፍ አይሞላም። እሳቱ በጎኑ ያመልጣል፣ እርሳሱም ቦዩን በደንብ ሳይነክስ ይወጣል። ሁለት ፀጉር በማይሞላ ነገር ሰውዬው ሁለት ዓመት ባሩድ አቃጥለዋል።

ስድስቱንም ቀዳዳዎች ሪመር በሚባለው ቀዳዳ ማስፊያ፣ በዘይት፣ በቀስታ የቦዩን ልክ እስኪያገኙ አሰፋናቸው። እያንዳንዱን በፒን ጌጅ፣ ልካቸው በታወቀ ቀጫጭን የብረት ዘንጎች፣ ሦስት ጊዜ ለካሁ። ከዚያ አልፎ መሄድ የለም፤ በቀዳዳዎቹ መካከል ያለው ግድግዳ ስስ ነው፣ የተላጨ ብረት ደግሞ አይመለስም። ያን ሽጉጥ ዘመናዊ ባሩድ የሚያጎርሰው ሰው ካለ እጁን ተሰናብቷል ማለት ነው።

እዚህ ለመምጣት ሻንጣ የምታሰናዱ የሙያ ልጆች፣ ኢንች ልመዱ። ሚሊሜትር ያደገበት ጭንቅላት የሺኛ ኢንች ቋንቋ እስኪገባው ድረስ ከምንም የማያውቅ ሰው ጋር እኩል ነው የሚከፈለው። ዲፕሎማችሁንም አስተርጉማችሁ ያዙ። ሽጉጥ ላማራችሁ ደግሞ፦ የፌዴራሉ ሕግ እንዲህ ያለውን ቅጂ ከዘመናዊው ለይቶ ነው የሚያየው፤ እያንዳንዱ ስቴት ግን የራሱ ሕግ አለው። ወረቀታችሁ ያላለቀ፣ «ጥንታዊ ነው» ብላችሁ እንዳትነኩ። መጀመሪያ ጠበቃ።

ቅዳሜ ተኩስ ሜዳ ወሰዱኝ። በ25 ያርድ ርቀት ድሮ ትሪ በሚያህል ቦታ ይበተን የነበረው፣ አሁን ስድስቱም የሲኒ ማስቀመጫ አይሞሉም። የድኙ ጭስ ግን ኢላማውን ሸፈነው፤ ዕጣን የተጨሰበት ቅኔ ማኅሌት መሰለኝ። መቅደላም እንዲህ ይሸት ነበር ማለት ነው አልኩ በሆዴ። ቤታቸው ስንደርስ ውሃ አፍልተው፣ ሳሙና ጨምረው፣ ሳፋውን ፊቴ አስቀመጡት። የባሩድ ጥላሸት ካደረ ብረት ይበላል። «ዓይኔ አያይም ብለሃልና አንተ እጠብ» አሉኝ። አጠብኩ።

ለጓደኛዬ ሽጉጥ ባይኖረኝም የፒን ጌጅ ሣጥኔን ፎቶ ላኩለት። ከአንድ ሰዓት በኋላ በቮይስ መለሰ፦ «ወንድሜ፣ ይሄን ሁሉ ሚስማር ምን ልታደርገው ነው?»