ድንኳናችን ሰርግ ቤት የዋለ ቀን

ግንቦት ላይ ድሬዳዋን የሚያውቅ ያውቃታል። ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ጥላ የሌለው ሰው ደጅ አይቆምም። የዕድራችን አባል የሆኑ አንድ አዛውንት ያረፉት በእንዲህ ያለ ቀን ነው። እኔም የዕድሩ ጸሐፊ ነኝና ደብተሩን ገልጬ «አራት ወር አልከፈሉም» አልኩ።

ደንባችን ግልጽ ነበር። ሦስት ወር መዋጮ ላቋረጠ አባል ድንኳንም ወንበርም አይወጣለትም። ሰውየው ከተኙ ቆይተዋል። ቤት ውስጥ የነበረችው ብር ያለቀችው ለመድኃኒት ነው። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ ግን ደብተሩ ላይ ይህን የሚጽፉበት ቦታ የለም። ዳኛችን ራሳቸውን ነቀነቁና «እንግዲህ ደንብ ነው» አሉ። ጎረቤት ሸራ አምጥቶ አንዱን ጫፍ ከግድግዳ፣ ሌላውን ከቆመ ባጃጅ ጋር አሰረ። የሟቹ ባለቤት እዚያች ጥላ ሥር ተቀመጡ። ፀሐይ ስትዞር እሳቸውም በርጩማቸውን ይዘው ይዞራሉ።

ቢከፍሉም ኖሮ ድንኳን አልነበረንም። ሁለቱም ድንኳኖች ሳቢያን ሰፈር ሰርግ ቤት ነበሩ። ደረሰኝ ተቆርጦ፣ ኪራዩ ባንክ ገብቶ፣ በራሴ እጅ ተመዝግቦ።

ማንም አልሰረቀም፣ ማንም አልዋሸም። እንቅልፍ የነሳኝም ይኸው ነው። ሌባ ቢኖር ሌባውን አባርረን እንገላገል ነበር።

የዕድሩን ሳንዱቅ የተረከብኩት ከአባቴ ነው። ምድር ባቡር የጥገና ሠራተኛ ነበር። ዓይኑ ሲደክም «ያንቺ ጽሑፍ ያምራል» ብሎ ቁልፉን ሰጠኝ። የምን ምርጫ! ሳንዱቁ ውስጥ ያሉትን የድሮ ደብተሮች ግን አንድም ቀን አንብቤያቸው አላውቅም ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ለሁለት ሳምንት ማታ ማታ አነበብኩ። ስለ ሥራው ማወቅ ከነበረብኝ ነገር አብዛኛው እዚያ ነበር።

የመጀመሪያው ደብተር አጭር ነው። ገንዘብ ብዙም አይነሳበትም። «እገሌ አረፈ። ቤተሰቡ አዋሽ ነው፤ ሁለት ሰው በጠዋቱ ባቡር ሄዶ ያርዳ» ይላል። በሌላ ገጽ «ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት፤ ሴቶች ይደሩላት» ይላል። ዕድሩን ያቋቋሙት ከየአገሩ በባቡር ሥራ የመጡ ሰዎች ናቸው። ክርስቲያኑም እስላሙም፤ አማራው፣ ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ ጉራጌው። ዘመድ በሌለበት አገር ስሞት ሬሳዬን ማን ያነሳዋል? ያገናኛቸው ይህ ፍርሃት ነው።

መዋጮው በደመወዝ ቀን እዚያው ይሰበሰብ ስለነበር ውዝፍ የሚባል ነገር አይታወቅም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ባቡር ቆመ። ደመወዙ ተንጠባጠበ፣ መዋጮውም እንዲሁ። የሦስት ወሩ ደንብ የወጣው ያኔ ነው። ቃለ ጉባኤውን አየሁት። ክፉ ሰው አልጻፈውም። «ዕድሩ እንዳይፈርስ» ይላል። ያወጡት ዕድሩ እንዲተርፍ ነው፤ ዕድሩ ደግሞ የተቋቋመው ሰው ብቻውን እንዳይቀር ነበር።

የድንኳኑ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፣ 1998 ዓ.ም. የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከተማዋን ሲጠርግ ከ200 በላይ ሰው ሞቷል። የዚያን ሰሞን የዕድራችን ደብተር ላይ ያለው አንድ ገጽ ብቻ ነው። ብርድ ልብስ ተገዛ፣ ምግብ ተበሰለ፣ ሰው በየቤቱ ተጠለለ ይላል። ድምፅ አልተሰጠም፣ ደንብ አልተጠቀሰም። ከዚያ በኋላ አንድ ወገን ላደረግነው ነገር ብሎ ትልልቅ ድንኳንና ወንበር ሰጠን። እሰየው አልን።

ወንበሩ ማስቀመጫ ፈለገ፤ መጋዘን ተሠራ። መጋዘኑ ጥበቃ ፈለገ። ጥበቃው ደመወዝ ፈለገ። ደመወዙን ለመክፈል ወንበሩን ማከራየት ጀመርን። ኪራዩ ጥሩ ሆነ። ከዚያ በየወሩ ስብሰባ መጀመሪያ የሚቀርበው የገንዘብ ያዡ ሪፖርት ሆነ። «ዘንድሮ ዕድራችን ጠነከረ» ሲባል ባንክ ያለው ብር ማለት ሆነ። በየትኛው ስብሰባ ላይ ነው ዓላማችንን የቀየርነው? ብፈልግ ባስፈልግ አጣሁ። አልቀየርነውም። ከመጋዘኑ በር በኩል ዞር ብሎ ሄደ።

የመጨረሻውን ዓመት አጀንዳዎች ቆጠርኳቸው። 41 ናቸው። ስለ ሐዘንተኛ ወይም ስለ ታመመ ሰው የሚያነሱት ስድስት ብቻ። የቀረው ቅጣት፣ ኪራይ፣ የተሰበረ ወንበርና የጠፋ ሳህን ነው። አሥራ ሁለት ሳህን ስለ መጥፋቱ ብቻ ሦስት ስብሰባ ተቀምጠናል። (ሳህኖቹ በኋላ ተገኙ፤ መጋዘኑ ውስጥ።)

በማታ ማኔጅመንት ስማር ሮበርት መርተን የሚባል አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ሊቅ ነበር፤ ለፈተና ሸምድጄው የረሳሁት። በ1940 እ.ኤ.አ. ደንብ ለሥራው መሣሪያ ሆኖ ይወጣና ቀስ በቀስ ራሱ ዓላማ ይሆናል ብሎ ጽፎ ነበር። ሠራተኛው ደንቡን ከጠበቀ ሥራውን የሠራ ይመስለዋል። ያን ጊዜ መርተን የሚያወራው ስለ ትልልቅ ቢሮዎች መስሎኝ ነበር። «አራት ወር አልከፈሉም» ብላ ያነበበችውን ልጅ ነበር ለካ።

ከዚያ ወዲያ ያደረግኩት የመጀመሪያው ነገር ስህተት ነው። ቁጭ ብዬ ራዕይ፣ ተልዕኮ፣ ዕሴት የሚል ሁለት ገጽ ጻፍኩ። በኮምፒውተር አስተይቤ፣ ላሚኔት አስደርጌ ስብሰባ ላይ አቀረብኩ። ዝም አሉ። ከዚያ አንድ የድሮ የባቡር ሰው «ልጄ፣ ይሄን ለሬሳው ነው የምናነብለት?» አሉኝ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ላሚኔቱ እስከ ዛሬ የመጋዘኑን መስኮት ሸፍኖ አቧራ ይከላከላል። ጥቅም አልሰጠም አልልም።

ሁለተኛውን ሙከራ ስብሰባ ላይ አላደረግኩትም። መሥራቾቹ ከነበሩት በሕይወት ያሉትን አምስት ሰዎች በየቤታቸው ሄጄ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅኳቸው። «ያኔ ምን ፈርታችሁ ነበር?» ዓላማችሁ ምን ነበር ብል «ቀብር» ብለው ይዘጉታል። ፍርሃታቸውን ስጠይቅ ግን ያወራሉ። አንዱ አልቅሰው ነገሩኝ። ከዚያ ወጣቶቹን አባላት «አሁንስ ምን ትፈራላችሁ?» አልኳቸው። ሬሳዬን ማን ያነሳል ያለ አንድም የለም። ታምሜ ስተኛ፣ አሉ። ከሠልስት በኋላ ሰው ሁሉ ሲበተን፣ አሉ። አንዷ «ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ ያለው ማክሰኞ» አለችኝ። ያን ማክሰኞ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ሁለቱን መልሶች ጎን ለጎን ጽፌ ነው ወደ ስብሰባ የተመለስኩት። ዳኛችን አልተዋጠላቸውም። «አባቶቻችን ያወጡት ዓላማ ቀብር ነው። እኛ ማን ነንና እንቀይረዋለን?» አሉ። እኔ መልስ ሳዘጋጅ ያ በላሚኔቱ የቀለደብኝ አዛውንት ቀደሙኝ። «አቦ! ይቺ ከተማ ራሷ ወደ ሐረር ሊሄድ የነበረ ባቡር የወለዳት አይደለችም እንዴ!»

እውነታቸውን ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ሲነሳ የታሰበው ሐረር ነበር። ተራራው ከባድ፣ ወጪውም ብዙ ሆነ፤ እንግዲህ ከግርጌው ይለፍ ተባለ። በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሜዳ ላይ ደረሰ። ጣቢያው አዲስ ሐረር ተብሎም ነበር። ከዚያ ስሙም ሐሳቡም ቀርቶ ድሬዳዋ ሆነ። መድረሻው ስለተቀየረ ማንም አላለቀሰም፤ ሐረርጌን ከባሕር ጋር የማገናኘቱ ነገር አልቀረማ። የተቀየረው መንገዱ ነው። በዚያ ስብሰባ ላይ ከኔ ሁለት ገጽ ይልቅ ይህ ወሬ ሠራ።

እኔም በወሬው ተበረታትቼ አንድ የሩቅ ታሪክ ጨመርኩ። አሜሪካ ውስጥ በ1938 እ.ኤ.አ. በፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የተቋቋመ፣ በኋላ ማርች ኦፍ ዳይምስ የተባለ ድርጅት አለ። የተነሳው ፖሊዮን ለመዋጋት ነው። ሰዉ አሥር አሥር ሳንቲም እየላከ ነው ገንዘቡን ያጠራቀመው። ገንዘቡም ለዶክተር ሳልክ ክትባት ዋለ። በ1955 ክትባቱ እንደሚሠራ ተነገረ። ጠላታቸው ተሸነፈ ማለት ነው። በየከተማው በጎ ፈቃደኛ፣ ቢሮ፣ ስም አላቸው፤ ሥራ ግን የላቸውም። በ1958 ሕፃናት ይዘውት ወደሚወለዱት የአካል ጉድለት ዞሩ። ዳኛችን ሲሰሙ ቆዩና «በሽታው ሞቶ ዕድሩ ቀረ በላ!» አሉ። እንዳሉት ነው። ክፋቱ አልታየኝም። በግልጽ ተነጋግረው፣ ይሄኛው አለቀ፣ ቀጥሎ ይህን እንያዝ ብለው ነው የዞሩት። እኛ ሳንነጋገር ነው የዞርነው።

የሩቁን ትቼ የቅርቡንም አስታወስኳቸው። በ1990ዎቹ ኤች አይ ቪ ቀብር ሲያበዛ ብዙ የከተማ ዕድሮች የታመመ መጠየቅና ወላጅ ያጡ ልጆችን መርዳት ጀምረው ነበር። ሐረር ያሉት አፎቻ የሚባሉ የመረዳጃ ማኅበራትም ለሐዘንም ለሰርግም ናቸው። ስለዚህ ድንኳናችን ሰርግ ቤት መሄዱ በራሱ ነውር አይደለም። ነውሩ ሐዘን ቤት አለመኖሩ ነው።

ከዚያ በኋላ የተደረገው ለወሬ አይመችም፤ ጥቃቅን ነው። የስብሰባውን ቅደም ተከተል ገለበጥነው። በመጀመሪያ ማን ታመመ፣ ማን ተጠየቀ፣ ማን ቀረ። ገንዘብ መጨረሻ። አንድ ድንኳንና 50 ወንበር በምንም ዓይነት እንዳይከራይ ተወሰነ። ሦስት ወር ያልከፈለ ሰው ከመሰረዙ በፊት ሁለት ሰው ቤቱ ሄዶ ምን እንደገጠመው ያያል። ለሕመም የሚሆን ብድርም ጀመርን።

ከሁሉም የሠራው የቅደም ተከተሉ ነገር ነው። ወጪ ያልጠየቀ፣ ማንንም ያላስቀየመ። መጀመሪያ የሚነበበው ነገር ስለ ሰው ሲሆን ሰዉ ስለ ሰው ያስባል። ጠላም ሆነ ሻይ ሳይቀርብ የስብሰባው ወሬ ተቀየረ።

ብድሩ ግን አቃጠለን። ሦስት ሰዎች አልመለሱም። አንዱ ያበደርነውን ለሌላ ጉዳይ ማዋሉ ታወቀ። ጭቅጭቁ ብዙ ቆየ፤ አሥራ አንድ አባላት ወጥተው ሌላ ዕድር ገቡ። ከነሱ ውስጥ የማከብራቸው ሰዎች አሉ። «የቀብር ዕድር ነው የገባነው፣ ባንክ አይደለም» ያሉት እውነት አላቸው። አሁን ብድሩን ትተን በቀጥታ ስጦታ አድርገነዋል፤ ትንሽ ብር፣ የማይመለስ። ቀድሞ ቢገባኝ ኖሮ ድንኳኑንና የሦስት ወሩን ደንብ ብቻ አስተካክዬ ለአንድ ዓመት ዝም እል ነበር። ሁሉንም በአንድ ስብሰባ ማግበስበሴ የኔ ችኮላ ነው።

ገንዘብ ያዣችን ደግሞ ለወራት አኮረፈኝ። ወንበርህን ልቀቅ ያለው የለም፤ ሪፖርቱ መጨረሻ ላይ ሲሆን ግን ሰዉ ጫማውን እየፈለገ ነው የሚሰማው። ሮበርት ሚኬልስ የሚባል ጀርመን ተወላጅ በ1911 እ.ኤ.አ. ስለ ፓርቲ መሪዎች ሲጽፍ፣ ድርጅቱን ማቆየት በጊዜ ብዛት ለመሪዎቹ ከተነሱበት ዓላማ ይበልጥባቸዋል ብሏል። ገንዘብ ያዣችንን እያሰብኩ ነበር ይህን ለባለቤቴ የነገርኩት። «አንቺስ ሳንዱቁን ለማን ልትሰጪ አስበሻል?» አለኝ። ወሬ ቀየርኩ።

ሸራ ሥር የተቀመጡትን እናት ይቅርታ ለመጠየቅ የሄድኩት ከስምንት ወር በኋላ ነው። ከዚያ በፊት እግሬ እምቢ አለኝ። ብዙ አልተናገሩም። «ፀሐዩ ነው እንጂ እናንተማ ምን ታደርጉ» አሉና ቡና አፈሉ። ከዚያ ወዲህ የጠያቂዎች ተራ ሲደርሰኝ እሳቸው ዘንድ እሄዳለሁ። የጠየቀ ሰው የሚፈርምበት መዝገብ አዘጋጅተናል፤ ማን እንደሄደ እንዲታወቅ ብዬ እኔው ነኝ ያመጣሁት። በየወሩ መጀመሪያ የሚነበበው እሱ ነው። ቁጥሩ ጥሩ ነው፤ በየወሩ ይጨምራል።

ባለፈው ወር ሥራ በዝቶብኝ ነበር። ባጃጁን ደጅ አቁሜ፣ ቦርሳዬን ሳላወርድ፣ መዝገቡን ከፌስታል እያወጣሁ ገባሁ። እማማ ጀበናውን ከምድጃ እያወረዱ ቀና ብለው አዩኝ።

«ቡናውን ጠጥተሽ ነው የምትፈርሚው ልጄ፣ ወይስ ፈርመሽ ነው የምትሄጂው?»

ባጃጁን ከፍዬ ሸኘሁት።