በር ከፋቾቹ ሕፃናት

የአውሮፓ የኢንዱስትሪ አብዮት ሲነሣ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚወሳው የእንፋሎት ሞተሩ ነው፤ እኔ ግን ሞተሩን የሚመግበው የድንጋይ ከሰል እንዴት ይወጣ እንደነበር ካነበብሁ ወዲህ ከሁሉ በፊት የሚታየኝ በጨለማ ውስጥ የተዘጋ የእንጨት በር ነው።

በእንግሊዝ የከሰል ጉድጓዶች ውስጥ ተቀጣጣይ ጋዝ እንዳይጠራቀም አየሩ በተወሰነለት መንገድ ብቻ መዘዋወር ስለነበረበት፣ በየመተላለፊያው በር ይገጠም ነበር። ከበሩ ጀርባ የሚቀመጠው ሕፃን የከሰል ጋሪ ሲመጣ ገመዱን ስቦ ይከፍታል፣ ጋሪው ሲያልፍም ይለቀዋል። ልጁ እንቅልፍ ጥሎት በሩ ተከፍቶ ቢያድር የአየሩ ዝውውር ይታወክ ነበርና፣ የአዋቂዎቹ ሁሉ ሕይወት የተንጠለጠለው በጉድጓዱ ውስጥ ከሁሉ ያነሰ ደመወዝ በሚከፈለው ልጅ ላይ ነበር።

በዮርክሻየር የምትሠራው የ8 ዓመቷ ሣራ ጉደር ለመንግሥት መርማሪዎች በሰጠችው ቃል ከሌሊቱ 10 ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ ቀደም ብላ ገብታ ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ እንደምትወጣ ገልጻለች። ሥራው አያደክመኝም ብላለች፤ ያለ መብራት መቀመጡ ግን ያስፈራት ነበር። መብራት ስታገኝ አንዳንድ ጊዜ ትዘፍናለች፣ በጨለማ ግን አትደፍርም።

በዚያው አውራጃ በሲልክስቶን አቅራቢያ፣ እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 1838 ከባድ ዝናብ ጥሎ ሠራተኞችን የሚያወጣው የእንፋሎት ሞተር ቆመ። በሌላ ዋሻ ለመውጣት የሞከሩትን ልጆች ከላይ የገባው ጎርፍ ከአየር መቆጣጠሪያው በር ጋር አጣብቆ፣ ከ7 እስከ 17 ዓመት የሆናቸውን 26 ልጆች ገደለ።

እ.ኤ.አ. በ1842 በፓርላማ አባሉ በሎርድ አሽሊ ግፊት የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን ሪፖርቱን በሥዕል አስደግፎ ሲያወጣ የሀብታሞቹን ቤት ይበልጥ ያናወጠው፣ እንደሚመስለኝ፣ የልጆቹ ድካም ሳይሆን ሴቶችና ወንዶች በከፊል ራቁታቸውን አብረው መሥራታቸው ነበር። ፓርላማው በዚያው ዓመት ባወጣው ሕግ ሴቶች በሙሉና ከ10 ዓመት በታች የሆኑ ወንዶች ከመሬት በታች እንዳይሠሩ ከለከለ፤ ደመወዛቸው ለተቋረጠባቸው ሴቶች ግን ምትክ አላዘጋጀም፣ ሕጉን እንዲከታተል የተሾመውም ተቆጣጣሪ አንድ ሰው ብቻ ነበር። አሥር ዓመት የሞላው ወንድ ልጅ ከበሩ ጀርባ መቀመጡን ቀጠለ።